መንገድ ያስቀየረች አበባ፦ የሮቢንስ ፖቴንቲላ ጉዳይ

የአሜሪካ የዓሣና የዱር ሕይወት አገልግሎት እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 2002 አንዲት ቢጫ አበባ ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ እንድትሰረዝ አደረገ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚህ መዝገብ የሚሰረዝ ዕፅ ጥቂት ነው። አንዳንዱ ዝርያ ፈጽሞ ጠፍቶ ይሰረዛል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ቀድሞውንም የተፈራለትን ያህል አልተመናመነም» ተብሎ ይሰረዛል። ይህችኛዋ ግን ታማ፣ አገግማ ነው የወጣችው። መጠሪያዋ የሮቢንስ ፖቴንቲላ ነው፤ በሳይንስ መዝገብ ደግሞ ፖቴንቲላ ሮቢንሲያና ትባላለች።

ጉዳዩ እኔን የሳበኝ የችግሩና የመፍትሔው መጠን እኩል በመሆኑ ነው። አበባዋን ወደ ገደል አፋፍ ያደረሳት የሰው እግርና የሰው እጅ ነበር። ያተረፋትም በዋናነት አንድ የእግር መንገድ ወደ ጎን መዞሩና በዳሩ ዝቅተኛ የድንጋይ ካብ መካቡ ነው። ችግኙ፣ ቆጠራውና በመሥሪያ ቤቶች መካከል የተፈረመው ስምምነት ሁሉ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሆኖም መንገዱ ባይዞር ኖሮ ሁሉም ከንቱ ድካም ይሆኑ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴን ከታች እዘረዝራለሁ።

ነፋስ የሚጠርገው ጠጠር

ኒው ሃምፕሻየር በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ የምትገኝ ትንሽ ግዛት ናት። በውስጧ ያለው የዋይት ማውንቴንስ ሰንሰለት ከፍተኛ ጫፍ የዋሽንግተን ተራራ ሲሆን ከፍታው 1,917 ሜትር ነው። ራስ ዳሸንን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ተራራ ለመባልም የሚያንስ ይመስላል፤ አዲስ አበባ እንኳን ከዚህ በላይ ናት። ነገር ግን ከምድር ወገብ ርቆ ወደ ሰሜን በተሄደ ቁጥር ብርዱ ወደ ታች ይወርዳል። በእነዚህ ተራሮች ላይ ዛፍ ከ1,400 እስከ 1,500 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ያበቃለታል። ከዚያ በላይ ያለው መሬት ከአካባቢው ደን ይልቅ የሩቁን የሰሜን ዋልታ ሜዳ ይመስላል።

የቦታውን ጠባይ ለመረዳት አንድ ቁጥር በቂ ነው። በተራራው ጫፍ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ መመልከቻ ጣቢያ ኤፕሪል 12 ቀን 1934 በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር የሚምዘገዘግ ነፋስ መዘገበ። በ1996 በአውስትራሊያ የነፈሰ አውሎ ነፋስ እስኪበልጠው ድረስ በምድር ላይ በመሣሪያ የተለካ ከዚህ የሚበረታ የወለል ነፋስ አልነበረም። የጫፉ የዓመት አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች ነው። ጭጋጉም በዓመት ውስጥ ከሚገለጥበት ቀን የሚሸፍንበት ቀን ይበዛል።

ከዋሽንግተን ተራራ በስተደቡብ ምዕራብ 1,637 ሜትር ከፍታ ያለው የሞንሮ ተራራ ይገኛል። አበባዋ ያለችው በሁለቱ መካከል፣ ከ1,500 ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሞንሮ ፍላትስ በሚባል ጠጠራማ ሜዳ ላይ ነው። ከጎኑ የጥንት በረዶ የቦረቦረው ጥልቅ ሸለቆ አለ። በዓለም ላይ ያለው የዚህ ዝርያ ቁጥር በሙሉ ማለት ይቻላል የሰፈረው በዚህ ሜዳ ውስጥ፣ አንድ ሄክታር ገደማ በሚሆን መሬት ላይ ነው። ከዚህ ሌላ የምትታወቅበት ስፍራ በዚያው ግዛት ያለው የፍራንኮኒያ ሸንተረር ብቻ ነው፤ እዚያም የነበረው እጅግ ጥቂት ነበር።

ሜዳው ባዶ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በክረምት ነፋሱ በረዶውን ጠርጎ ይወስደዋል። ሌላ ቦታ የተኙ ዕፆች በወፍራም በረዶ ተሸፍነው ከቅዝቃዜው ሲጠለሉ፣ እዚህ ግን አፈሩ ራቁቱን ይቀራል። በአፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ ሲረጋ እንደ መርፌ የቀጠነ በረዶ እየሆነ ጠጠሩን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ሲቀልጥ ደግሞ ይለቀዋል። መነሣቱና መውደቁ በጸደይና በመጸው ደጋግሞ ይመጣል። ሥሩ ያልጠለቀ ቡቃያ በዚህ መሃል ይነቀላል። ሳሩም ቁጥቋጦውም በዚህ ምክንያት ሜዳውን ሊወርሰው አልቻለም። አበባዋ የምትኖረው ሌሎች መኖር ያቃታቸው ቦታ ላይ ነው፤ ጥላ የሚጥልባትና አፈር የሚሻማት ጎረቤት በመጣ ጊዜ ተሸናፊዋ እርሷ ናት።

ትንሿ ባለ ረጅም ሥር

የሮቢንስ ፖቴንቲላ የጽጌረዳ ቤተሰብ አባል ናት። እንዲህ ሲባል ጽጌረዳን አስቦ የሚሄድ ሰው አጠገቧ ቆሞ ላያያት ይችላል። ቅጠሎቿ በሦስት በሦስት የተከፈሉ፣ ጠርዛቸው ጥርስ ያወጣ፣ ጠጉር የለበሱ ናቸው፤ መሬት ላይ ተነጥፈው የሚሠሩት ክብ ከሁለት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ ነው። አምስት መልካበባ ያሏት ቢጫ አበባዋ የምትፈካው በረዶው እንደተገፈፈ፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ዘር ቋጥራ ወደ አረንጓዴ ድፎነቷ ትመለሳለች። የተጓዡ ብዛት የሚያይለው ግን በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ ለዓመታት ሲረግጣት የኖረው ሰው ብዙውን ጊዜ አበባ እየረገጠ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ከላይ የማትታይ ብትሆንም ከሥር ሌላ ናት። ወደ ጠጠሩ ዘልቆ የሚወርድ ወፍራም ዋና ሥር አላት፤ ውርጩ እንዳይነቅላት የሚይዛት እርሱ ነው። ይህን ሥር እስክታበጅ ድረስ ግን ዓመታት ያልፋሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታብበውም ብዙ ከቆየች በኋላ ነው። ቡቃያዎቿ አብዛኞቹ ለአቅመ አበባ ሳይደርሱ ይሞታሉ፤ በአንጻሩ ሥር የሰደደችዋ ረጅም ዕድሜ ትኖራለች። እንዲህ ያለ ሕይወት ለውርጭና ለነፋስ የተመቸ ነው፤ ለጫማ ግን በፍጹም አይመችም። ጫማ ለአካለ መጠን የደረሰችዋን ከገደለ በምትኳ ሌላዋ እስክታድግ ብዙ ዓመት ይጠበቃል። ጠጠሩን ካንከባለለ ደግሞ በጠጠሩ መካከል የተሸሸጉትን ቡቃያዎች ይጨፈልቃቸዋል፤ ደቃቁም አፈር በዝናብ ይታጠባል።

ሌላም ነገር አለ። ዘሯ የሚፈጠረው የወንዴና የሴቴ ሕዋስ ሳይዋሐዱ ነው። ከዘሩ የምትበቅለው ልጅ የእናቷ ቅጂ ናት። ዘሩ ክንፍም ሆነ በእንስሳ ጠጉር ላይ የሚንጠለጠልበት ነገር የለውም፤ አብዛኛው እዚያው እናቱ ሥር ይወድቃል። በመሆኑም አንዱ ጥግ ሲጠፋ ከሌላ ጥግ መጥቶ የሚተካው ዘር እምብዛም ነው። እንደ እኔ አስተያየት ዝርያዋ በአንድ ሄክታር ላይ ታጥራ የቀረችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የወዳጆቿ እጅ

በእንዲህ ያሉ ታሪኮች ውስጥ ጥፋተኛው ዘወትር ቸልተኛ ሰው ይመስላል። እዚህ ግን የመጀመሪያዎቹ ጎጂዎች የአበባዋን ዋጋ ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰዎች ነበሩ።

ስሟን ያገኘችው ከጄምስ ዋትሰን ሮቢንስ ነው፤ በማሳቹሴትስ ይኖር የነበረ ሐኪምና የዕፀዋት ተመራማሪ ነበር። በስያሜው ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሣው ሌላው ሰው ዊልያም ኦክስ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የእነዚህን ተራሮች ዕፀዋት በትጋት የሰበሰበ የዕፀዋት ሊቅ ሲሆን፣ ከሞንሮ ፍላትስ አጠገብ ያለው ጥልቅ ሸለቆ ዛሬም በስሙ ይጠራል። የዚያ ዘመን ተመራማሪ ዕፅ ሲሰበስብ ከነሥሩ ቆፍሮ፣ በወረቀት መካከል አድርቆ፣ የደረቁ ዕፀዋት ናሙና ለሚቀመጥባቸው ሄርባሪየሞችና ለባልንጀሮቹ ይልካል፤ በልዋጩም እርሱ ያልነበረውን ይቀበላል። ዕፁ ብርቅ በሆነ መጠን የልዋጩ ዋጋ ይጨምራል። በአንድ ተራራ ላይ ብቻ የምትገኝ አበባ ከዚህ ገበያ ልታመልጥ አትችልም ነበር። በዚህ መልክ ተነቅለው የደረቁት በመቶዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎች በልዩ ልዩ ሄርባሪየሞች ተቀምጠዋል።

ለእነዚያ ሰዎች በዛሬ ሚዛን ፍርድ መስጠት አልፈልግም። አንድ ናሙና ዝርያውን ለይቶ ለማወቅ የግድ ያስፈልጋል፤ መቶኛው ናሙና ግን የማንንም እውቀት አይጨምርም። በተለይ ሁሉም የአንዲት እናት ቅጂዎች በሆኑበት ዝርያ።

በመካከሏ ያለፈው መንገድ

ኤቤል ክሮፎርድና ልጁ ኢታን አለን ክሮፎርድ በ1819 ከተራሮቹ ሥር ካለው ሸለቆ ተነሥቶ ወደ ዋሽንግተን ተራራ የሚያደርስ መንገድ ጠረጉ። ክሮፎርዶች እንግዳ አሳድረውና መንገድ መርተው የሚኖሩ ቤተሰብ ነበሩ፤ መንገዱም ለሥራቸው ያስፈልጋቸው ነበር። በ1840 ለፈረስ እንዲመች ተደረገ። ዛሬም የክሮፎርድ መንገድ ተብሎ ይጠራል፤ በአሜሪካ ሳይቋረጥ ካገለገሉት የተራራ የእግር መንገዶች ሁሉ እጅግ የቆየው እንደሆነ ይነገርለታል።

መንገዱ በሸንተረሩ ላይ ሲሄድ ሞንሮ ፍላትስን አቋርጦ ያልፍ ነበር። ምርጫው የሚያስወቅስ አይደለም፤ ድንጋይ ከሚቆለልበት ተዳፋት ይልቅ ደልዳላውን ጠጠር የማይመርጥ መንገድ ጠራጊ የለም። አበባዋን ያኖራት ባዶነት ራሱ ነው መንገዱን የጠራው።

በ1915 ደግሞ በ1876 የተመሠረተው የአፓላችያን ተራራ ማኅበር ከስፍራው አጠገብ፣ በሁለት ትናንሽ ሐይቆች ዳር፣ ለተራራ ተጓዦች የሚሆን ማረፊያ ቤት ሠራ። ማረፊያው ከጊዜ በኋላ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ 90 ያህል ሰው ያሳድራል፤ ማኅበሩ በእነዚያ ተራሮች ካሉት ማረፊያዎች ትልቁ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በተለይም በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ፣ የተራራ ጉዞ የብዙኃን መዝናኛ ሲሆን በሞንሮ ፍላትስ የሚያልፈው እግር በዛ። እግር ሲበዛ መንገድ በስፋቱ አይወሰንም። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ውኃ ያቆረበትን ቦታ ለማለፍ ሰው ዳር ይይዛል፤ ማረፊያው ውስጥ ያደረ እንግዳ ጠዋት ተነሥቶ ወዲያ ወዲህ ይላል። ዛፍና ቁጥቋጦ በሌለበት ሜዳ ላይ «መንገዱ እዚህ ያበቃል» የሚል ነገር የለም።

ካቡ

አሜሪካ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን የሚጠብቀውን ሕግ ያወጣችው በ1973 ነው። የሮቢንስ ፖቴንቲላ በ1980 በመዝገቡ ውስጥ ገባች፤ ሞንሮ ፍላትስም ለህልውናዋ ወሳኝ የሆነ መኖሪያ ተብሎ ተከለለ። የማገገሚያ ዕቅዱ በ1983 ወጣ።

በዚያው ዓመት የክሮፎርድ መንገድ ከአበባዋ ሰፈር ወጥቶ በሌላ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በስፍራው ዙሪያ ዝቅተኛ የድንጋይ ካብ ተካበ፤ መግባት ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ተተከለ፤ በበጋው ወራት ለተጓዦች የሚያስረዳ ባለሙያ ተመደበ። ለምን የሽቦ አጥር እንዳልተመረጠ መገመት አይከብድም፤ በዚያ ነፋስና በዚያ ውርጭ ሽቦ ስንት ክረምት ሊቆም ይችላል? ድንጋዩ ግን እዚያው አለ። ከመሬቱም ጋር ስለሚመሳሰል የተጓዡን ዓይን አይወጋም፤ ቢሆንም ድንበር መሆኑን ማንም ያውቀዋል። ጉልበት የማይደርስ ካብ ሰውን አያግድም። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ሊሻገረው ሲያስብ እያወቀ የሚያደርገው ነገር ይሆናል። ቀድሞ የነበረው ጉዳት በአብዛኛው የባለማወቅ ስለነበረ ይህ ብቻ በቂ ሆነ።

ሥራው ለምን እንደተሳካ ሳስበው ዋናው ምክንያት ማንም ምንም አለማጣቱ ይመስለኛል። ተጓዡ ወደ ሞንሮ ፍላትስ የሚመጣው ለሞንሮ ፍላትስ ብሎ አልነበረም፤ ወደ ማረፊያው ወይም ወደ ተራራው ጫፍ ለመድረስ ነው። አዲሱ መንገድ እዚያው ያደርሰዋል። ማረፊያው አልተዘጋም፤ ተራራው አልተከለከለም፤ የሄደበት ርቀትም ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለውም። ለአበባዋ ብሎ የሚመጣው ጥቂት ሰው ነበር፤ ከፌዴራል መሬት ላይ መንቀል በሕግ ስለተከለከለ እርሱም ታገደ።

ሁለተኛው ምክንያት የባለቤትነት ጉዳይ ነው። መሬቱ በሙሉ የዋይት ማውንቴን ብሔራዊ ደን ስለሆነ በአሜሪካ የደን አገልግሎት እጅ ነው። መንገዱንና ማረፊያውን የሚንከባከበው ማኅበር ደግሞ ከተጓዦቹ ጋር የቆየ መተማመን አለው። ካሣ የሚጠይቅ ባለ ርስት፣ ግጦሽ የሚያጣ ከብት አርቢ፣ ማገዶ የሚለቅም ቤተሰብ አልነበረም። ይህን ጉዳይ ለሌላ አገር ተራራ አርአያ አድርጎ ማቅረብ የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት፤ እንዲህ የቀለለ የባለድርሻዎች ዝርዝር በሌላ ቦታ እምብዛም አይገኝም።

ችግኝ ጣቢያው

ብዙ ጊዜ የሚተረከው ሌላኛው ምዕራፍ ነው። የኒው ኢንግላንድ የዱር አበቦች ማኅበር ከተራራው የተሰበሰበውን ዘር ወስዶ በማሳቹሴትስ፣ ፍራሚንግሃም ከተማ በሚገኘው የአትክልት ስፍራው አበቀለ። ማኅበሩ ከ2019 ወዲህ የአገር በቀል ዕፀዋት አደራ ጠባቂ የሚል ትርጉም ያለው ስም ይዟል። ዘሩን ማብቀል ተቻለ፤ ችግኙን ተራራ ላይ ማቆየት ግን ሌላ ትግል ነበር። ቀደም ሲል ወደ ሌላ ስፍራ ለማዛወር የተደረጉ ሙከራዎች አልያዙም ነበር፤ ምክንያቱን መገመት ቀላል ነው። በለሰለሰ አፈር ያደገ ሥር የውርጩን መርፌ አያውቅም።

ዕቅዱ ከሞንሮ ፍላትስ ውጭ አራት አዳዲስ ሰፈሮች እንዲቋቋሙ ይጠይቅ ነበር። አበባዋ ከመዝገብ ስትሰረዝ ራሳቸውን ችለው ይቀጥላሉ የተባሉት ሁለት ነበሩ፤ አንዱ በፍራንኮኒያ ሸንተረር ላይ፣ ሌላው በዚያው በዋሽንግተን ተራራ አካባቢ። ግማሽ ውጤት ነው። በሞንሮ ፍላትስ ግን የተተከለ ነገር ሳያስፈልግ፣ እግር ስለቀረላት ብቻ፣ ነባሯ ሰፈር ራሷን ሞላች። በመሰረዣዋ ዋዜማ በተደረገው ቆጠራ ቡቃያዎችን ጨምሮ ከ14,000 በላይ ተገኙ። መንገዱ መዞሩ ከችግኙ ይልቅ ወሳኝ ነበር የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመሰረዙ በኋላ

የመሰረዙ ሐሳብ በ2001 ለሕዝብ ቀርቦ በማግስቱ ዓመት ጸደቀ። ከመዝገቡ መውጣት ጥበቃው ቀረ ማለት አይደለም። የደን አገልግሎቱ ስፍራውን መጠበቁን እንደሚቀጥል ከዓሣና የዱር ሕይወት አገልግሎቱ ጋር ቀደም ብሎ ተስማምቶ ነበር፤ ሕጉ ደግሞ ያገገመ ዝርያ ከተሰረዘ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመታት ክትትል እንዲደረግበት ያስገድዳል። እንደ እኔ ግምት ያ ስምምነት ባይኖር መሰረዙ የችኮላ ይሆን ነበር፤ የአበባዋ ጠላት ከተራራው አልጠፋም፣ የተጓዡም ቁጥር አልቀነሰም። የተለወጠው የሚረገጠው ቦታ ነው።

በካብ የማይመለሰው የሙቀት መጨመር ነው። እዚህም ላይ ነገሩ ከሚጠበቀው ይለያል። በዋሽንግተን ተራራ ጫፍ ያለው የረጅም ዘመን መዝገብ እንደሚያሳየው ሙቀቱ እዚያ የጨመረው ከሥሩ ካለው ሸለቆ ባነሰ ፍጥነት ነው፤ ነፋሱና ደመናው ለጊዜው ከለላ ሆነዋል። ለሮቢንስ ፖቴንቲላ ግን ከአማካይ ሙቀቱ ይበልጥ የሚያሳስበው ጠጠሩ ነው። ውርጩ ማንሣቱንና መጣሉን ካቆመ፣ ነፋሱም በረዶውን መጥረጉን ከቀነሰ፣ ሳርና ቁጥቋጦ ሜዳውን ይይዙታል። ሽሽት ወደ ላይ ቢሆን ከሰፈሯ እስከ ሞንሮ ጫፍ ያለው ከፍታ ከመቶ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ዘሯም እናቱ ሥር የሚወድቅ ነው፤ ሁሉም ቅጂ ስለሆኑ አንዷ ያልቻለችውን ሌላዋ ትችለዋለች ብሎ መጠበቅም ያስቸግራል።

ስለዚህ ገንዘብና ጉልበት የሚመድብ ሰው አስተያየቴን ቢጠይቀኝ፣ ሞንሮ ፍላትስን ለካቡና ለአስረጂዎቹ ትቼ የቀረውን አቅም በእነዚያ ባልተሳኩት ሁለት ሰፈሮች ላይ አውለው ነበር። 14,000 ብዙ ይመስላል፤ በአንድ ሄክታር ላይ ሲሆን ግን አንድ የድርቅ በጋ ወይም አንድ የመሬት መንሸራተት ሊደርስበት የሚችል ቁጥር ነው።